ተፈርዶባችኋል፤ አሁን የቱን በር ታንኳኳላችሁ?

አዳማ ውስጥ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ስጽፍ አሥራ አንድ ዓመት አለፈኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ከበድ ያለ ጉዳይ ሲመጣ «ጠበቃ ያዙ» ብዬ ነው የምመልሰው። ግን ከችሎት የወጣ ሰው እግሩ መጀመሪያ የሚያደርሰው እኔ ጋ ነው። ገና ላቡ ሳይደርቅ፣ ለምን እንደተፈረደበት እንኳ በቅጡ ሳይገባው፣ «ይግባኝ ጻፍልኝ» ይላል። ይግባኝ የሚለውን ቃል ሁሉም ያውቀዋል። ሌሎቹን በሮች የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። በፌስታል የጠቀለሉትን ወረቀት አውጥተው ዘረጉልኝ። ፍርዱ ሦስት ገጽ ነው፣ በአፋን ኦሮሞ የተጻፈ። እሳቸው ቋንቋውን ይሰማሉ እንጂ ማንበብ አይችሉም። 214,000 ብር ከነወለዱ ይክፈሉ ይላል። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር አለች፦ ተከሳሽ መጥሪያ ደርሷቸው ስላልቀረቡ ጉዳዩ በሌሉበት ታይቷል።

«እማማ፣ መጥሪያ ደርሶዎት ነበር?»

«የምን መጥሪያ ልጄ? ንብረት ሊመዘግቡ ቤቴ ሲመጡ ነው የሰማሁት።»

«መቼ ነው የመጡት?»

«የዛሬ ሳምንት፣ ማክሰኞ።»

«እንግዲያው ይግባኝ አንጽፍም» አልኳቸው። እሳቸው ደነገጡ። ልጃቸው ደግሞ ቱግ አለ፤ ስልሳ ቀኑ ሳያልቅ ይግባኝ ካልተባለ ነገሩ አበቃለት ብሎ አንድ ጓደኛው ነግሮታል። ጓደኛው ስለ ስልሳ ቀኑ አልዋሸም። በሩን ግን ተሳስቷል።

እኔ ሁሌም የምጠይቀው ይኼን ነው፦ የተበደላችሁት ምኑ ላይ ነው? ሳትሰሙ ነው የተፈረደባችሁ? ማስረጃችሁን አልቀበልም ተብላችሁ ነው? ወይስ ዳኛው ሰማችሁ፣ መዘነ፣ ግን አላመናችሁም? ከፍርዱ በኋላ ነው አዲስ ነገር የተገኘው? ወይስ ጭራሽ በክርክሩ ውስጥ አልነበራችሁም? በሩን የሚመርጥላችሁ የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። የንዴታችሁ መጠን አይደለም። ለማንኛውም ሌላ ሕግ ካልጠቀስኩ በቀር ከዚህ በታች የምጠራቸው ቁጥሮች በሙሉ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ናቸው፤ ሕጉ አርጅቷል እንጂ ዛሬም አዳማ ችሎት ውስጥ ዳኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው እሱ ነው።

በሌላችሁበት ከተፈረደ

ቁጥር 78 የሚባል አለ። መጥሪያው በትክክል ካልደረሳችሁ ወይም ከመቅረብ ያገዳችሁ በቂ ምክንያት ካለ፣ ፍርዱን ወደሰጠው ወደዚያው ፍርድ ቤት ሄዳችሁ «ይነሳልኝና ልከራከር» ትላላችሁ። ጊዜው አንድ ወር ነው፤ የሚቆጠረውም ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ሳይሆን መፈረዱን ካወቃችሁበት ቀን ነው። እማማን «መቼ ነው የመጡት?» ያልኳቸው ለዚህ ነው። ያቺ ማክሰኞ ለእሳቸው ከፍርዱ ቀን ትበልጣለች።

እዚህ ላይ ይግባኝ ለምን ይከፋል? ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ሰው አያየውም። በሌላችሁበት ጉዳይ መልስ አልሰጣችሁም፣ ምስክር አልቆጠራችሁም፣ ሰነድ አላያያዛችሁም። በመዝገቡ ላይ የእናንተ ድምፅ የለም። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ በስር ፍርድ ቤት፣ ማለትም መጀመሪያ በፈረደው ፍርድ ቤት፣ ያልተነሳ አዲስ ፍሬ ነገር አይቀበልም፤ ቁጥር 329 ይኼን ይከለክላል። ስለዚህ ይግባኝ ብላችሁ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ብትቀርቡ «ብሩን እኮ ከፍያለሁ፣ ደረሰኝ አለኝ» ስትሉ «ይኼን መቼ ተከራከርሽበት?» ትባላላችሁ። በ78 ከተሳካላችሁ ግን ፍርዱ ተነሥቶ ከመልስ ትጀምራላችሁ፤ ደረሰኙም ምስክሩም ይገባል።

በ78 ስትመጡ «አልሰማሁም» ማለት ብቻ አይበቃም። መጥሪያውን ማን ተቀበለ? ፊርማው የማን ነው? ሆስፒታል ተኝታችሁ ከነበረ ወረቀቱ የት አለ? መዝገቡን አስወጥታችሁ የመጥሪያ ማድረሻውን ገጽ እዩት። የእማማ መዝገብ ላይ መጥሪያውን «የቤተሰብ አባል» ተቀበለ ይላል። የተጻፈው ስም የሚያውቁት ሰው አልነበረም። ፍርድ ቤቱ ሲያነሳው ደግሞ በነጻ ላያነሳው ይችላል፤ የሌላውን ወገን ወጪ ክፈሉ ሊል ይችላል። ሊያነሳው ካሰበም ያኛውን ወገን ሳይሰማ አያነሳም።

አንድ ማሳሰቢያ። ቀርባችሁ፣ መልስ ሰጥታችሁ፣ ተከራክራችሁ የተሸነፋችሁ ሰዎች 78 የእናንተ አይደለም። ጠበቃችሁ አንድ ቀን ስለቀረ ብቻ እዚህ ውስጥ አትገቡም።

ይግባኝ፦ ምን ትጠብቃላችሁ፣ ምን አትጠብቁም

ይኼኛው ላይ ቆየት ልበል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው።

ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ክርክሩን ከዜሮ ይጀምርልኛል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። አይጀምርም። የሚያየው የስር ፍርድ ቤቱ መዝገብ ውስጥ ያለውን ነው፤ የሚጠይቀውም «በዚህ መዝገብ ላይ ይኼ ፍርድ ትክክል ነው ወይ?» ብሎ ነው። ምስክሮቻችሁ ተመልሰው አይቆሙም። እናንተም ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ አትተርኩም።

እኔ ራሴ የተማርኩት በራሴ ነው። ይኼን ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለሱቅ ኪራይ ጉዳይ ተከስሼ ተፈረደብኝ። ይግባኝ ጻፍኩ፤ ዘጠኝ ገጽ። አከራዬ ስንቴ እንደሰደበኝ፣ ሚስቱ ምን እንዳለች፣ ሁሉንም ጻፍኩት። ሦስት ዳኞች ፊት ቆምኩ። መሐል የተቀመጡት ዳኛ ወረቀቱን አገላበጡና «የስር ፍርድ ቤቱ የተሳሳተው ምኑ ላይ ነው? በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገረን» አሉኝ። ዝም አልኩ። ዘጠኝ ገጽ የጻፍኩ ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ። በቁጥር 337 ይግባኜ ተሰረዘ። ተከራካሪዬ እንኳ አልተጠራም።

337 ምን እንደሚል ልንገራችሁ። ይግባኝ ሰሚው ይግባኝ ባዩን ከሰማ በኋላ በስር ፍርዱ ከተስማማ፣ መልስ ሰጪውን ሳይጠራ ይግባኙን ሊዘጋው ይችላል። ጉዳዩ ያከራክራል ብሎ ካመነ ግን መጥሪያ ልኮ መልስ ሰጪውን ይሰማል። ልብ በሉ፣ ሚዛኑ እኩል አይደለም። ማጽናት ሳይጠሩ ይቻላል፤ መሻር ግን ያኛውን ወገን ሳይሰሙ አይቻልም። እናንተ በስር ያሸነፋችሁ ከሆነና ሳትጠሩ ፍርዳችሁ ተሻረ ከተባላችሁ፣ ይኼ ራሱ ትልቅ ቅሬታ ነው።

ሕጉ የይግባኝ ምክንያት በአጭሩና ነጥብ በነጥብ ተለይቶ ይጻፍ የሚለው ለዚህ ነው። ዛሬ እኔ ስጽፍ ከሁለት ገጽ አላልፍም። አንደኛ፦ የስር ፍርድ ቤቱ የቆጠርነውን ምስክር ያለ ምክንያት አልሰማም። ሁለተኛ፦ የውሉን ቁጥር 4 ከቃሉ ውጭ ተርጉሞታል። ሦስተኛ፦ ያልተጠየቀ ወለድ ፈርዷል። አለቀ። እያንዳንዷ ነጥብ መዝገቡ ውስጥ ገጽ ሊጠቀስላት ይገባል። ለስድቡ ቦታ የለውም።

በተራው ይግባኝ ሰሚውም ግዴታ አለበት። ያነሳችኋቸውን ነጥቦች አይቶ፣ ለምን እንደተቀበላቸው ወይም እንዳልተቀበላቸው ምክንያት ሰጥቶ ነው መወሰን ያለበት። በቁጥር 348 ሊያጸና፣ ሊያሻሽል ወይም ሊሽር ይችላል። ግን አንድ የሚያናድድ ነገር ልንገራችሁ፤ ውጤቱን የማይቀይር የሥነ ሥርዓት ግድፈት ብቻውን ፍርድ አያስገለብጥም። ቀጠሮው በሁለት ቀን ስለተዛባ፣ ሬጅስትራሩ ማህተም ስለረሳ ፍርድ አይሻርም። «ይኼ ስህተት ባይሠራ ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር?» በሉና ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ አዎ ካልሆነ ከማመልከቻው አውጡት፤ ጠንካራዋን ነጥብ ይጋርድባችኋል።

«ይሻርልኝ» ወይስ «ይመለስልኝ»?

ይኼን ምርጫ ሰዎች ልብ አይሉትም። ማመልከቻው መጨረሻ ላይ «ፍርዱ ተሽሮ...» ብለው ይጽፉና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚፈልጉ አያውቁም።

የስር ፍርድ ቤቱ ወደ ዋናው ነገር ሳይገባ ጉዳዩን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ዘግቶት ከሆነ፣ ለምሳሌ «በይርጋ ታግዷል»፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል ብሎ ከሆነና ይግባኝ ሰሚው ይኼን ከሻረው፣ በ341 ጉዳዩ ተመልሶ ዋናው ክርክር ይሰማል። መያዝ የነበረበት ጭብጥ፣ ማለትም ክርክሩን የሚወስነው ጥያቄ፣ ሳይያዝ ከቀረ ደግሞ በ343 ይግባኝ ሰሚው ነጥቡን ለይቶ «ይኼን አጣርተህ ወስን» ብሎ ይመልሳል። ነገር ግን መዝገቡ ላይ ያለው ማስረጃ ለመወሰን ከበቃ፣ 342 ይግባኝ ሰሚው ራሱ ጨርሶ እንዲወስን በር ይከፍትለታል።

የቱ ይሻላል? የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ ማስረጃችሁ መዝገብ ላይ ካለ እዚያው ይወሰንልኝ በሉ። መመለስ ማለት ሌላ ዓመት ማለት ነው። አንድ የሽንኩርት ነጋዴ አውቃለሁ፤ በጭነት ዋጋ ነበር ክርክሩ። ጉዳዩ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሁለት ጊዜ። ሦስተኛ ይግባኙን ሲያስጽፈኝ «ሽንኩርቱ በስብሶ አፈር ሆኖ፣ አፈሩ ላይ ሌላ ሽንኩርት በቅሏል» አለኝ። እየሳቀ ነው ያለኝ፣ ግን ሳቁ ደስ አይልም።

ይመለስልኝ የምትሉት አንድ ጊዜ ነው፤ ማስረጃችሁ ጭራሽ ካልተሰማ። ምስክራችሁ ሳይቆም ይግባኝ ሰሚው ይወስንልኝ ማለት በባዶ መዝገብ ፍረዱልኝ ማለት ነው፤ ማን ይፈርድላችኋል?

ሌላው የሚረሳ ነገር አለ። ይግባኝ ስትሉ የተኛውን ልታስነሱ ትችላላችሁ። መልስ ሰጪው በቁጥር 340 መስቀለኛ ይግባኝ ሊያቀርብ ይችላል። ከጠየቀው 300,000 ብር 120,000 ተፈርዶለት ዝም ብሎ የነበረ ሰው፣ እናንተ ስትነኩት «እኔም ቀሪው ይገባኛል» ብሎ ይመጣል። በዚህ የተነሳ ከነበረው ብሶበት የተመለሰ ሰው አይቻለሁ። የጎደለባችሁ ትንሽ ከሆነ፣ ያተረፋችሁት ደግሞ ብዙ ከሆነ፣ እባካችሁ አንድ ሌሊት ተኙበት።

አዲስ ማስረጃ ከተገኘ

ሁለት መንገድ አለ፤ ሰው ግን ያደባልቃቸዋል።

የመጀመሪያው እዚያው ይግባኙ ውስጥ ነው። ቁጥር 345 ይግባኝ ሰሚው ተጨማሪ ማስረጃ የሚቀበልባቸውን ጠባብ ቀዳዳዎች ይሰጣል፦ የስር ፍርድ ቤቱ መቀበል ሲገባው አልቀበልም ያለው ማስረጃ ከሆነ፣ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍርድ ያስፈልገኛል ካለ። ሲፈቅድም ለምን እንደፈቀደ መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። «ያኔ ረስቼው ቤት ቀርቶ ነው» የሚለው እዚህ አይገባም። ማስረጃችሁን በስር ፍርድ ቤት አቅርባችሁ ከተከለከላችሁ ያን ቀን የተሰጠውን ትእዛዝ ግልባጭ ያዙ፤ በ345 ስትመጡ መሣሪያችሁ እሱ ነው።

ሁለተኛው ቁጥር 6 ነው፤ ዳግም ዳኝነት ይሉታል። ፍርዱን ወደሰጠው ፍርድ ቤት ነው የምትመለሱት። ከፍርዱ በኋላ ሐሰተኛ ሰነድ፣ ሐሰተኛ ምስክርነት ወይም ጉቦ የመሰለ ከባድ ነገር ከተገኘ፣ ተገቢውን ጥረት አድርጋችሁም ፍርዱ ሲሰጥ ልታውቁት ካልቻላችሁ፣ ታውቆ ቢሆን ደግሞ ፍርዱን የሚቀይር ከሆነ። ጊዜው ነገሩን ካወቃችሁበት አንድ ወር ነው። ፍርድ ቤቱ ተቀበለም አልተቀበለም፣ በዚያ ላይ ይግባኝ የለም። አንድ ጥይት ናት።

ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ውሉ ላይ ያለው ፊርማ የናንተ አይደለም እንበል። በክርክሩ ጊዜ «ፊርማዬ አይደለም፣ ይመርመር» ብላችሁ ዳኛው ካለፈው፣ ይኼ ይግባኝ ነው። ያኔ ምንም ሳትጠረጥሩ ቆይታችሁ፣ ከፍርዱ ከስድስት ወር በኋላ ያስፈረመው ሰው በሌላ የወንጀል ክስ በሐሰተኛ ሰነድ ጥፋተኛ ከተባለና የእናንተም ሰነድ እዚያ ውስጥ ከወጣ፣ ይኼ ቁጥር 6 ነው።

እናንተ በክርክሩ ካልነበራችሁ

አንድ ባጃጅ ነጂ ልጅ መጣ። ወንድሙ ብድር አልከፈለም ተብሎ ተፈርዶበት፣ ግቢ ውስጥ የቆመችውን ባጃጅ አስከበሩበት፤ ለዕዳው አስያዙበት ማለት ነው። ባጃጇ የሱ ናት፤ ሊብሬውም በስሙ ነው። «ይግባኝ ጻፍልኝ» አለኝ። በማን ፍርድ ላይ? ወንድሙ ላይ የተፈረደው ትክክል ነው፤ ወንድሙ ራሱ ዕዳውን አልካደም። የተሳሳተው የተከበረው ንብረት ነው። ይኼ ቁጥር 418 ነው፤ ለአፈጻጸም ችሎቱ ሊብሬውን አያይዞ «ንብረቱ የኔ ነው፣ ይለቀቅልኝ» ይላል። ጻፍንለት፤ አንድ ገጽ ከግማሽ።

ፍርዱ ራሱ መብታችሁን የሚነካ ሲሆን ደግሞ ቁጥር 358 ነው። ለምሳሌ ወንድማማቾች በእናታቸው ቤት ተከራክረው ለአንዱ ተፈረደለት፤ እናንተ እህታቸው ናችሁ፣ ድርሻ አላችሁ፣ ማንም ግን አልጠራችሁም። የክርክሩ ተካፋይ መሆን ይገባችሁ ስለነበር የመቃወም አቤቱታ ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ታቀርባላችሁ። ቀነ ገደቡ የቀን ቁጥር አይደለም፤ ፍርዱ ሳይፈጸም ነው። ዛሬ ነገ ስትሉ ቤቱ ተሸጦ ርክክብ ካለቀ በሩ ይዘጋል። ለዚህ ነው እንዲህ ዓይነት ሰው ሲመጣ ሻይ እንኳ ሳላስጠጣ ቀጥታ መጻፍ የምጀምረው።

ቀላሎቹ

ፍርዱ ላይ 450,000 መሆን ያለበት 45,000 ተብሎ ከተተየበ፣ ወይም ስማችሁ ከተሳሳተ፣ ይኼ ይግባኝ አይደለም። ቁጥር 208 ነው፤ የጽሕፈትና የሂሳብ ስህተት እዚያው ፍርድ ቤት ይታረማል። ለዚህ ስልሳ ቀን የሚያባክን ሰው አለ ብትሉ አታምኑኝም። አለ።

ክርክሩ ሳያልቅ በመሐል በተሰጠ ትእዛዝ ለመጣችሁ ደግሞ፦ ቀጠሮ፣ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ፣ ማስረጃ ይግባ አይግባ የሚሉ ትእዛዞች ላይ ለብቻቸው ይግባኝ አይባልም። ቁጥር 320 ነው። ዋናው ፍርድ ሲመጣ አብራችሁ ታነሷቸዋላችሁ። ሰው እንዲታሰር የሚያዝ፣ ንብረትን ከአንዱ ተከራካሪ እጅ ወደ ሌላው የሚያዛውር ወይም እግድን የሚመለከት ከሆነ ግን ወዲያው ይቻላል። ዳኛው «ምስክርህን አልሰማም» ሲላችሁ ወደ እኔ አትሩጡ፤ ተቃውሟችሁ መዝገብ ላይ እንዲሰፍርላችሁ ጠይቁና ተቀመጡ።

ይግባኙ ገባ፣ አፈጻጸሙስ?

ይግባኝ ማለት ብቻውን አፈጻጸምን አያስቆምም። ይኼን አለማወቅ ያስከፈለውን ሰው ቆጥሬ አልጨርስም። መዝገቡ ተከፍቶ፣ ቀጠሮ ተይዞ፣ ባለቤቱ ተረጋግቶ ቤቱ ሲገባ ሐራጅ ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጥፎ ያገኛል። እግዱን ለብቻው መጠየቅ አለባችሁ፤ በቃለ መሃላ አስደግፋችሁ፣ ካልታገደ የማይመለስ ጉዳት እንደሚደርስ አሳይታችሁ፣ ሳትዘገዩ። ፍርድ ቤቱ ዋስትና አስይዙ ሊል ይችላል። ስለዚህ ይግባኙን ሳስብ ስለ ዋስትናውም አብሬ አስባለሁ፤ ዋስ የሚሆን ዘመድ አለ ወይ? ካርታ ያለው ቤት? ዳኝነት፣ ማለትም የፍርድ ቤት ክፍያ፣ መክፈል ጭራሽ ለማይችል ደግሞ በደሃ ደንብ ሳይከፍሉ መጠየቅ አለ፤ ማፈር አያስፈልግም።

ሰበር

ሰበር ሦስተኛ ዕድል አይደለም። ሰበር ማስረጃ አይመዝንም፤ «ምስክሩ ዋሽቷል» ቢባል ጆሮ አይሰጥም። የሚጠይቀው መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ ወይ ብሎ ነው። መጀመሪያ ሦስት ዳኞች ያጣሩታል፤ ያስቀርባል ከተባለ በፌዴራል ሰበር አምስት ዳኞች ያዩታል፤ እዚያ የተሰጠው የሕግ ትርጉም አገሪቱ ውስጥ ያሉ ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል። ይግባኝ ሰሚው የስር ፍርዱን ካጸናው አብዛኛውን ጊዜ የቀረው በር ይኼ ብቻ ነው።

ለአዳማ ሰው መንገዱ ሁለት ዓይነት ነው። ጉዳዩ የክልል ከሆነ መጀመሪያ የኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት አለ። ከዚያ ወደ ፌዴራል ሰበር ለመሄድ፣ በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234 በሩን አጥብቦታል፤ ስህተቱ ብቻ ሳይሆን ነገሩ አገራዊ ፋይዳ ያለው መሆን አለበት። ጉዳዩ የፌዴራል ሆኖ የክልል ፍርድ ቤት በውክልና ያየው ከሆነ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ሌላ መስመር ያስይዘዋል፤ ከፍተኛው የወሰነው ወደ ክልሉ ጠቅላይ፣ ጠቅላዩ በመጀመሪያ የወሰነው ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ይሄዳል። ፍርዳችሁ ላይ «በውክልና ሥልጣን» የሚል ካያችሁ ለጠበቃችሁ አሳዩት።

ትርጉም። ይኼን ደጋግሜ እላለሁ። ፌዴራል ስትሄዱ በአፋን ኦሮሞ ያለው መዝገብ ወደ አማርኛ መተርጎም አለበት። ተርጓሚ ፍለጋ፣ ክፍያ፣ ማህተም፣ ይኼ ሁሉ ቀን ይበላል። ቀኑ ግን ለማንም አይቆምም። ፍርዱ በተነበበ በማግስቱ ግልባጭ ጠይቁና ትርጉሙን ያኔውኑ አስጀምሩ።

ስለ ቀን ካነሳሁ፣ የተራ ፍትሐ ብሔር ይግባኝ ስልሳ ቀን ነው፣ ፍርዱ ከተሰጠበት። የሥራ ክርክር ግን ሠላሳ ነው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ከሥራ ተሰናብታችሁ የተከራከራችሁ ልጆች፣ የጎረቤታችሁን የቤት ክርክር ስልሳ ቀን ሰምታችሁ አትዘናጉ። የሥራ ክርክር ይግባኝ ሰሚ የወሰነው ደግሞ የመጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰበር ካልሆነ በቀር የለም። ቀን ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት አሳይቶ ማስፈቀጃ መጠየቅ ይችላል፤ ግን ያገደው ነገር በቀረ በአሥር ቀን ውስጥ ነው፣ «ጠበቃዬ ረስቶ» የሚለውን ደግሞ ሕጉ ራሱ በግልጽ አይቀበለውም። ከጠበቃችሁ ጋር ያላችሁ ጉዳይ የሁለታችሁ ነው።

እማማ ማመልከቻቸውን ያቀረቡት መፈረዱን በሰሙ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ሁለት ገጽ ከቃለ መሃላው ጋር። ከፍርዱ ጋር ያያያዝነው የመጥሪያ ማድረሻዋን ገጽና የልጆቻቸውን ስም ዝርዝር ከቀበሌ ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሌላውን ወገን ጠርቶ ሰማ፤ ፍርዱ ተነሣ፣ ግን 3,000 ብር ወጪ ክፈሉ አላቸው። ልጃቸው አሁንም እዚያ ማዶ ባጃጅ ተራ ላይ ሲያየኝ «ያን ጊዜ ይግባኝ ብንል ኖሮ...» ይለኛል፤ ያሾፍብኛል። የመልስ ቀጠሯቸው ኅዳር ላይ ነው። ደረሰኙን እስከዚያ እንዳይጠፋ ለእኔ ስጡኝ ብላቸው እምቢ አሉ፤ እዚያው ፌስታል ውስጥ ነው ያለው።